የረቡዕ ማታውን ክፍል ክፈቱልን፦ ለካውንስላችን የሕዝብ ጤና ክፍልና ለሎንዶን አበሻ ግልጽ ደብዳቤ

ለካውንስላችን (ለሰፈራችን አስተዳደር) የሕዝብ ጤና ክፍል ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ሎንዶን ለምትኖሩ ወገኖቻችን በሙሉ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እንደምን ከረማችሁ። ይሄንን ደብዳቤ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጽፈን ሁለት ጊዜ በኢሜይል ልከንላችሁ ነበር። ሁለቴም የመጣልን "ደብዳቤዎ ደርሶናል" የሚል ኮምፒውተሩ ራሱ የሚልከው መልስ ነው፣ ከዛ በኋላ ዝም። ስለዚ አሁን በአማርኛ፣ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አርጌ ልጽፈው ተገደድኩ። የናንተ ውሳኔ የነካቸው ልጆች ስለራሳቸው የተጻፈውን በገዛ ቋንቋቸው ማንበብ አለባቸው ብዬ አምናለሁ፣ ለናንተም እናስተረጉምላችኋለን።

እኔ ሎንዶን ያለን አበሻ ጌይ ወንዶች ባቋቋምናት ትንሽ የመረዳጃ ቡድን ውስጥ በበጎ ፈቃድ የማስተረጉም ሰው ነኝ። እኛ እርስ በርሳችን "ዜጋ" ነው የምንባባለው፣ እዚህ ደብዳቤ ላይም ዜጋ ስል ያንን ማለቴ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ቀን መጋዘን ነው የምሰራው። ግን ላለፉት አራት ዓመታት ልጆችን ይዤ ክሊኒክ ሄጃለሁ፣ ድንገተኛ ክፍል ወንበር ላይ አድሬአለሁ፣ ሌሊት ስልክ አንስቻለሁ። ስሜን የማልጽፈው አገር ቤት እናት ስላለችኝ ነው።

ጉዳዩ ይሄ ነው። በኤፕሪል መጀመሪያ ላይ፣ በሴክሹዋል ሄልዝ (የወሲብ ጤና) ክሊኒኩ ውስጥ ረቡዕ ማታ ማታ ይሰራ የነበረውን የኬምሴክስ አገልግሎት ዘጋችሁት። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አገልግሎቱ ከአጠቃላዩ የዕፅና የአልኮል ሱስ አገልግሎት ጋር ተቀላቅሏል ይላል። ማንም አልጠየቀንም። እኔ ራሴ ያወቅኩት አንድ ልጅ ይዤ ሄጄ በሩ ተዘግቶ ሳገኘው ነው፣ ልጁ ለመምጣት ሦስት ወር ነው የለመንኩት፣ ወረቀቱን አነበበና "አየህ" ብሎኝ ተመለሰ፣ ከዛን ቀን ወዲህ ስልኬን አያነሳም።

ለማታውቁት ወገኖቼ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ኬምሴክስ ማለት ወንዶች እርስ በርስ ወሲብ ለማድረግ ብለው፣ በዛው ሰዓት የተወሰኑ ድራጎችን ሲወስዱ ነው። በዋናነት ሦስት ናቸው፣ ልጆቹ ቲና የሚሉት ክሪስታል ሜት፣ ሜፌድሮን፣ እና ጂ የሚባለው ፈሳሽ ማለትም ጂኤችቢ ወይም ጂቢኤል። ክለብ ሄዶ ጨፍሮ መመለስ አይደለም፣ ሰው ቤት ነው፣ በስልክ አፕ ተጠራርተው ይሰበሰባሉ፣ ዓርብ ማታ ተጀምሮ ያለ እንቅልፍ፣ ያለ ምግብ እሁድ ከሰዓት ድረስ ሊሄድ ይችላል። አብዛኛው ጌይ ወንድ ይሄን አያደርግም፣ ይሄ ይሰመርበት፣ ምክንያቱም ነገ ይሄን ደብዳቤ ይዞ "አየህ ሁሉም ሱሰኛ ናቸው" የሚል ሰው አይጠፋም። የሚያደርጉትም ሁሉ አይወድቁም። ግን የሚወድቀው ሲወድቅ ብቻውን ነው የሚወድቀው።

ሜፌድሮን ሲባል አበሻ ባዕድ ነገር ይመስለዋል፣ ግን የጫት የቅርብ ዘመድ ነው። ጫት ውስጥ ያለው የሚያነቃቃው ነገር ካቲኖን ይባላል፣ ሜፌድሮን ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ የተሰራ የካቲኖን ዝርያ ነው። እዚህ አገር ሜፌድሮን የተከለከለው በ2010 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ጫት ደግሞ በ2014 ነው። ይሄን ያነሳሁት ለወሬ ማጣፈጫ አይደለም። ምርቃናና ዱካክ የሚያውቅ ልጅ ሜፌድሮንን ሲቀምስ ሰውነቱ የሚያውቀው ነገር ነው የሚመስለው፣ ስለዚ እንደ ጫት ነው የሚይዘው። ምርቃናው አልወርድ ሲል አገር ቤት ምን ይደረጋል? ጨብሲ። ሁለት ሦስት ቢራ፣ ወይ አረቄ። እዛ ክፍል ውስጥ ግን ልጁ ከሜፌድሮኑ ጋር ጂም ወስዷል፣ ጂ ደግሞ ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ትንፋሽን ነው የሚያዳክሙት፣ ሰው ይተኛል ከዛ መተንፈስ ያቆማል። እንግሊዝኛው በራሪ ወረቀት ላይ "ከአልኮል ጋር አትቀላቅል" ተብሎ ተጽፏል፣ ልጆቹ አንብበውታል፣ ግን በነሱ ጭንቅላት ጨብሲ መጠጣት መጠጣት አይደለም፣ መድኃኒት ነው፣ ማውረጃ ነው። አንዱ "እኔ እኮ አልጠጣሁም፣ ጨበስኩ እንጂ" ብሎኛል፣ ከልቡ ነው። ይሄን ለረቡዕ ማታዋ ነርስ ስነግራት እስክሪብቶ አውጥታ ቃሉን በድምፁ በላቲን ፊደል ጻፈችው፣ ከዛ በኋላ የሚመጣውን አበሻ ሁሉ "ጨብሲ?" ብላ ትጠይቀው ነበር። አሁን ወደላካችሁን አጠቃላይ አገልግሎት ስንሄድ ፎርሙ ላይ ያለው ጥያቄ በሳምንት ስንት ዩኒት አልኮል ትጠጣለህ የሚል ነው፣ ልጁ "ዜሮ" ብሎ ይሞላል።

ወሲቡን በተመለከተ ደግሞ በግልጽ ልናገር፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ስለ ድራጉ ያወራል፣ ስለ ወሲቡ ግን አፍሮ ያልፋል፣ ችግሩ ግን የሁለቱ መገናኛ ላይ ነው ያለው። አገር ቤት ያደገ ዜጋ፣ በኛ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ወንጀለኛ የተባለ፣ ቤተሰብ ውስጥ፣ ሰፈር ውስጥ፣ ቤተክርስቲያንም መስጊድም ውስጥ "ቡሽቲ" ሲባል እየሰማ ያደገ ልጅ፣ ሎንዶን ስለገባ ብቻ አይላቀቀውም። አንዱ ልጅ እንዲህ አለኝ፦ "ሰው ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ እንኳን እናቴ በሩ ጋር ቆማ የምታየኝ ይመስለኝ ነበር።" ከዛ አንድ ቀን የሆነ ሰው ቤት ቲና ሰጡት። እናቱ ከበሩ ጠፋች። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያፍር፣ ሳይቸኩል፣ መብራት ሳያጠፋ ሰው አቀፈ። ይሄን ደስታ ውሸት ነው ብዬ አልነግረውም፣ እውነት ነበር፣ ለዛም ነው የተመለሰበት።

ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን ያለ ድራግ ሰው መንካት አቃተው። የሚወደው ልጅ ነበረው፣ ጥሩ ልጅ፣ ድራግ የማይነካ፣ ቡና የሚያፈላለት። አብሮት ሲተኛ ሰውነቱ አይታዘዝለትም፣ ስሜቱ ሁሉ ደንዝዟል፣ ጭንቅላቱ ያቺን የዓርብ ማታ ክፍል ነው የሚፈልገው። በድራጉም እያለ ቢሆን ስሜቱ ይነሳል ሰውነቱ ግን አይነሳም፣ ስለዚ ቫያግራ ጨመረበት፣ በላዩ ላይ ፖፐርስ የሚባለውን በአፍንጫ የሚሸተት ፈሳሽ ያሸት ነበር። ቫያግራና ፖፐርስ አብረው የደም ግፊትን ቁልቁል እንደሚጥሉ ማንም አልነገረውም ነበር፣ ያወቀው ረቡዕ ማታ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ሥራ ቦታው ሽንት ቤት ገብቶ ያለቅስ ነበር፣ ለምን ማክሰኞ እንደሆነ እንኳ አያውቅም፣ የቅዳሜው ዕዳ ማክሰኞ እንደሚጠየቅ ነርሷ ናት ያስረዳችው። ያ ፍቅር ፈረሰ። ልጁ ዛሬ ደህና ነው፣ ግን የረቡዕ ማታ አገልግሎት አስራ አንድ ወር ፈጅቶበታል፣ አስራ አንድ ወር ሙሉ ድራጉን ብቻ ሳይሆን ያለ ድራግ እንዴት ሰው እንደሚታቀፍ ነው የተማረው። ይሄን የትኛው የሱስ አገልግሎት ያስተምረዋል?

አሁን ያደረጋችሁት ምንድነው፣ አንዱን ሰው ለሁለት ከፈላችሁት። ወሲቡን ለሴክሹዋል ሄልዝ ክሊኒክ፣ ድራጉን ለሱስ ማዕከል። በክሊኒኩ ስለ ድራጉ ግማሹን ይናገራል፣ በማዕከሉ ስለ ወሲቡ ምንም አይናገርም፣ እዛ ያለው ባለሙያ የሚያውቀው ሄሮይንና አልኮል ነው፣ ተጠባባቂ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተቀምጧል። ከ2013 ኤፕሪል ጀምሮ ሕጉ ሁለቱንም አገልግሎት ለካውንስሎች ነው የሰጠው፣ ያውም በአንድ የሕዝብ ጤና ክፍል ስር። ማለትም ሁለቱን ጠረጴዛ የሚያገናኝ ሌላ መሥሪያ ቤት የለም፣ እናንተው ናችሁ። ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። በ2014 ላምቤዝ፣ ሰዘርክና ሉዊሻም የሚባሉት ሦስት ካውንስሎች በራሳቸው ገንዘብ 30 ጌይ ወንዶችን ቁጭ አርገው አስጠይቀው ኬምሴክስ ላይ ጥናት አሠርተዋል። ሶሆ ባለው 56 ዲን ስትሪት ክሊኒክ እነ ዴቪድ ስቱዋርት ወሲቡንና ድራጉን በአንድ ወንበር ላይ ማውራት ሲጀምሩ ለምን እንደሚያስፈልግ ዓለም ሁሉ ተምሮበታል። ዴቪድ በ2022 አርፏል፣ ሥራው ግን ሎንዶን ውስጥ ነው የተወለደው፣ ሌላ አገር የሚቀዳውን እኛ ጋር ትዘጉታላችሁ?

የተከፈለው ሰው ምን እንደሚሆን ያየሁትን ልንገራችሁ።

በዊንተር ነው፣ አንድ ልጅ የፈረንጆች ቤት ነበር። በነዚህ ቤቶች ልማድ አለ፣ ማን ስንት ሰዓት ላይ ጂ እንደወሰደ ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ ምክንያቱም ጂ የመጀመሪያው ሳይወጣ ከተደገመ ሰው ይጥላል፣ በደህናና በሞት መሃል ያለው ልዩነት በጣም ትንሽ ነው። ወረቀቱ ፍሪጁ ላይ በማግኔት ተለጥፏል። ልጁ ከስሙ ጎን "5፡20" ብሎ ጻፈ። በኛ ሰዓት ነው፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከሃያ፣ በነሱ አስራ አንድ ሰዓት ከሃያ መሆኑ ነው። እኩለ ሌሊት ገደማ ሲደነዝዝ ድገሙልኝ አለ፣ የቤቱ ባለቤት ሄዶ ወረቀቱን አየ፣ አምስት ሰዓት ከሃያ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ የወሰደ መሰለው፣ ቆይቷል ብሎ ሰጠው። አርባ ደቂቃ ነበር የሆነው። ወደቀ፣ ማንኮራፋት ጀመረ፣ እዛ ቤት ያሉት ደግሞ ይተኛ፣ ያልፍለታል አሉ። አንዱ ብቻ ነው ፈርቶ 999 (የድንገተኛ አደጋ ስልክ) የደወለው፣ ከዛ በልጁ ስልክ ለኔ ደወለ፣ ወረቀቱን በቪዲዮ ሲያሳየኝ ነው የገባኝ፣ ለአምቡላንሱ ሰዎች በስልክ ጮኼ ነው ሰዓቱን ያስተካከልኩት። ተረፈ። በሚቀጥለው ረቡዕ ይዤው ሄድኩ፣ ነርሷ ፈረደችበት እንዳትሉ፣ በራሪ ወረቀቱን አወጣችና ጠርዙ ላይ በእጄ "ሃያ አራት ሰዓት አቆጣጠር ተጠቀሙ" ብላ አስጽፋኝ በአማርኛ ፎቶ ኮፒ አደረገችው። ያ ወረቀት አሁን የት እንዳለ አላውቅም፣ ክፍሉ ሲዘጋ ዕቃው ወዴት እንደሄደ የነገረን የለም።

ወንድሞቼ ይሄን የምታነቡ ካላችሁ፣ ጂ ወስዶ የተኛና ሲጠሩት የማይነቃ ሰው አልተኛም። በጎኑ አስተኙት፣ 999 ደውሉ፣ የወሰደውን በስሙ ንገሯቸው፣ እስኪመጡ ብቻውን አትተዉት።

ሁለተኛው ነገር አስተርጓሚ ነው። አሳይለም (ጥገኝነት) የጠየቀ ልጅ ነው፣ መልስ እየጠበቀ። ቲና ይወስድ ነበር፣ ሦስት ቀን ሳይተኛ ከቆየ በኋላ ሆም ኦፊስ (የኢሚግሬሽን ሰዎች) ሊወስዱኝ በሩ ጋር ቆመዋል እያለ አልጋውን ጎትቶ በሩን ዘጋ። የአእምሮ ጤና ቡድን መጣ፣ በስልክ አማርኛ አስተርጓሚ ቀጠሩለት። የአስተርጓሚው የመጀመሪያ ጥያቄ ምን ነበር መሰላችሁ፣ "የየት ሰፈር ልጅ ነህ?" አለው። በኛ ባህል ይሄ ሰላምታ ነው፣ ክፋት የለውም፣ ግን ልጁ እዛው ላይ አፉን ዘጋ። ድምፁን ያውቀዋል፣ ወይ ያወቀው መሰለው፣ ሎንዶን ያለው አበሻ ስንት ነው? ስለ ቲናው አልተናገረም፣ ጌይ መሆኑንም አልተናገረም። የተጻፈለት ወረቀት ከስደት ጭንቀት የመጣ ነው ይላል፣ መድኃኒትም በዛው ነው የታዘዘለት። ግማሹ እውነት ነው፣ ፍርሃቱ እውነት ነው፣ ሌላው ግማሽ ግን ፋይሉ ውስጥ የለም። ረቡዕ ማታ በነበረበት ጊዜ ነርሷ ከሌላ ከተማ አስተርጓሚ ታስደውል ነበር፣ ስም አይጠራም፣ በቁጥር ነው፣ ልጁ ድምፁን ሰምቶ ካልተመቸው አልፈልግም ማለት ይችል ነበር። ይሄ ምን ያህል ገንዘብ ያስወጣል? ከአንድ ሌሊት የሆስፒታል አልጋ አይበልጥም።

ሦስተኛው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ነው። አንዳንዱ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ውስጥ ሪቶናቪር ወይም ኮቢሲስታት የሚባል አጋዥ አለ፣ ሥራው ጉበት መድኃኒቱን ቶሎ እንዳያወጣው መያዝ ነው፣ ግን መድኃኒቱን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ ሜፌድሮኑንም ቲናውንም ጂውንም ቫያግራውንም ነው፣ ሌላው ሰው የሚችለው መጠን እሱን ሊጥለው ይችላል። ለሐኪም ቢነገረው ሌላ ዓይነት መድኃኒት አለ፣ በቀላሉ ይቀየራል። የሱስ ማዕከሉ ኪኒኑን አይጠይቅም፣ ኪኒን የሚሰጠው ደግሞ ስለ ዓርብ ማታ አይጠይቅም። ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ኪኒኑንም እንደሚረሳ ልብ በሉ፣ ኤች አይ ቪ እንዳይዘው ቀድሞ የሚወሰደውን ፕሬፕ የሚወስደውም እንደዛው፣ ድንገት የተጋለጠ ሰው ፔፕ የሚባለውን ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰድ መከላከያ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበት እያወቀ ሰኞ አርፎ ማክሰኞ ሲነቃ ጊዜው ያልቃል።

አራተኛው ለመናገር የሚከብደኝ ነው። ፈቃድ። ሁለት ልጆች ከጂ ነቅተው ያላወቁት ሰው በላያቸው ላይ እንደነበረ ነግረውኛል። ሁለቱም ያሉት አንድ ነው፣ "እኔ ራሴ ነኝ ሄጄ የገባሁት።" ራሱን የሳተ ሰው እሺ ሊል አይችልም፣ ቤቱ በእግሩ ቢገባም፣ ድራጉን በእጁ ቢወስድም፣ የተደረገበት መደፈር ነው። ይሄን ለፖሊስ ተናገሩ ብዬ ልመክራቸው ፈለግኩ፣ ግን ጂ ከ2022 ኤፕሪል ጀምሮ ክላስ ቢ በሚባለው የተከለከሉ ዕፆች ምድብ ውስጥ ገብቷል፣ ይዞ መገኘት እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል፣ ወረቀት የሌለው ልጅ ይሄን ተናግሮ ፖሊስ ጣቢያ ይገባል? ስቴፈን ፖርት የሚባለው ሰው በ2014 እና በ2015 ምስራቅ ሎንዶን ውስጥ አራት ወጣቶችን በጂ ገድሏል፣ በ2021 ዲሴምበር የሞት ምርመራው ጁሪዎች (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) የፖሊስ ስህተት ለሦስቱ ሞት ሳይሆን አይቀርም አስተዋጽኦ ያደረገው ብለዋል። የሞቱት ልጆች ራሳቸው ዕፅ አብዝተው የሞቱ ተደርገው ነበር የታዩት። ልጆቻችን ይሄን ታሪክ ያውቁታል። ስለዚ የሚናገሩት ለሚያምኑት ሰው ነው፣ ያ ሰው ረቡዕ ማታ የነበረችው ነርስ ናት፣ እሷ ናት አንዱን ልጅ የተደፈሩ ሰዎች ወደሚታከሙበት ማዕከል እጁን ይዛ የወሰደችው፣ ፖሊስ ሳይጠራ ምርመራ እንደሚደረግለት አስረድታው።

አሁን ለናንተ ለወገኖቼ ጥቂት ነገር ልበል፣ ምክንያቱም ግልባጩ ለናንተ የሆነው ያለ ነገር አይደለም።

አንድ ልጅ ጂ በየቀኑ፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይወስድ ነበር። ቤተሰቡ ሱስ እንዳለበት አወቁ፣ ምን እንደሆነ ግን አላወቁም። አጎቱ ቤት አስገቡትና በአንድ ቀን አስቆሙት፣ ጸበል እያመጡ። በማግስቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ላብ አጠመቀው፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ሰው እያየ ያወራል፣ እጁን መቆጣጠር አቃተው። ቤተሰቡ መንፈሱ እየለቀቀው ነው ብለው ደስ አላቸው፣ እየዘመሩ አጥብቀው ያዙት። ያ ግን ጂ በድንገት ሲቆም የሚመጣ የሰውነት ሕመም ነው፣ በየቀኑ የሚወስድ ሰው በድንገት ካቆመ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊጥለው፣ ሊሞትም ይችላል፣ በሐኪም ቁጥጥር ነው የሚቆመው። የአጎቱ ልጅ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመቷ ናት፣ ሽንት ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ አምቡላንስ ጠራች። እሷ ባትኖር ዛሬ ተዝካሩን ነበር የምንበላው። ጸበሉን አልነቀፍኩም፣ እኔም ጸበል እጠመቃለሁ። ግን እባካችሁ፣ ልጃችሁ የሚወስደውን ሳታውቁ አታስቁሙት። እንዲነግራችሁ ደግሞ መጀመሪያ ሊነግራችሁ የሚችል ሰው ሁኑ። ልጁ ለአጎቱ ያልነገረው ድራጉን ስላፈረበት ብቻ አይደለም፣ ድራጉን ከተናገረ ከማን ጋር እንደሚወስደው ሊጠየቅ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሁሉም ይወቀው፣ እንግሊዝ ውስጥ የሴክሹዋል ሄልዝ ክሊኒክ በነፃ ነው፣ ወረቀት አይጠየቅም፣ የኤች አይ ቪ ሕክምናም ከ2012 ኦክቶበር ጀምሮ የመኖሪያ ፈቃድ ላለውም ለሌለውም ነፃ ነው። ሎንዶን ፍሬንድ ስር ያለው አንቲዶት የሚባለው አገልግሎትም አለ፣ የኛን ዓይነት ሰው ያውቃል፣ ሰፈራችን ባይሆንም ሂዱ። ብቻችሁን መሄድ ከከበዳችሁ እኛ እንሸኛችኋለን፣ አብረን እንጠብቃለን።

ወደናንተ ልመለስ፣ የተከበራችሁ ኃላፊዎች። ከላይ የጻፍኩት ነቀፋ ብቻ እንዳይሆን የምንጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ።

የረቡዕ ማታው አገልግሎት በክሊኒኩ ውስጥ፣ በማታው ሰዓት ይመለስልን፣ ቀን ማረግ አይሆንም ምክንያቱም ልጆቹ ቀን ሥራ ላይ ናቸው፣ ፈቃድ ጠይቀው ምን ሊሉ ነው። በሳምንት አንድ ማታ ሁለት ባለሙያ፣ አንድ ነርስና አንድ የድራግ ሠራተኛ በአንድ ክፍል። በጀቱ ከሁለት ኪስ ከመጣ ሁለቱም ኪስ የናንተው ነው።

አስተርጓሚው ከሎንዶን ውጪ ይሁን፣ በስልክ ይሁን፣ ስም አይጠራ፣ ታካሚው ምክንያት ሳይጠየቅ አስተርጓሚ መቀየር ይችል። ቀጥሮ ለሚያሠራው ድርጅትም "የየት ነህ" እንዳይጠየቅ በጽሑፍ ይነገረው።

በራሪ ወረቀቱ በአማርኛና በትግርኛ ይዘጋጅ፣ እኛ በነፃ እንጽፍላችኋለን፣ እናንተ በሐኪም አስመርምራችሁ አሳትሙት። የሰዓቱ ነገር በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይግባ። ጨብሲ የሚለው ቃል እንዳለ ይግባ፣ "አልኮል" ብላችሁ አትተኩት።

ልጁ ፈቃዱን ከሰጠ የኤች አይ ቪ ክሊኒኩ፣ የሱስ ማዕከሉና የአእምሮ ጤና ቡድኑ አንድ ወረቀት ይጋሩ፣ ካልሰጠ ደግሞ አይጋሩ፣ ይሄ በሁሉም ቋንቋ ተነግሮት ይፈርም።

አገልግሎቱ ሲዘጋ በቀጠሮ ላይ የነበሩትን ሰዎች በሙሉ ፈልጋችሁ ደውሉላቸው። ስንቱ ወደ አዲሱ ቦታ እንደሄደ፣ ስንቱ እንደጠፋ በቁጥር ንገሩን። እኛ ከምናውቃቸው ሰባት ልጆች አንዱ ብቻ ነው የሄደው፣ እሱም ሁለተኛ አልተመለሰም።

በመጨረሻም በ30 ቀን ውስጥ ፊት ለፊት አነጋግሩን። ሦስት ሰው እንመጣለን፣ እኔ፣ ከዚህ ችግር የወጣ አንድ ልጅ፣ እና አምቡላንስ የጠራችው ልጅ፣ እሷም ልምጣ ብላለች። ቀኑን እናንተ ምረጡ፣ ሰዓቱን ግን ከሥራ መልስ አርጉልን።

ከአክብሮት ጋር፣

በሎንዶን የአበሻ ጌይ ወንዶች መረዳጃ ቡድን
የበጎ ፈቃድ አስተርጓሚና የክሊኒክ ሸኚ